የእንዶዱ ውሃ ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? ከዕፀዋት ፍቱን ነገርን ስለ ማውጣት



የማኅበራችን የታሪክ ክፍል በሽኩና ዳሌትና በአካባቢው ካሉ አረጋውያን ዘንድ ቤት ለቤት እየዞረ፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በስሜንና በሌላውም የጎንደር አገር ሳለን እንገለገልባቸው የነበሩትን ዕፀዋት በአንድ ደብተር ላይ ሲመዘግብ መቆየቱ ይታወቃል። በደብተሩ ላይ የዕፁ ስም፣ የሚበቅልበት ስፍራና የሚያገለግልበት ጉዳይ ተጽፏል። ደብተሩ እየወፈረ በሄደ ቁጥር እኛም ሥራችን ወደ ፍጻሜው የቀረበ እየመሰለን ደስ ይለን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከሰፈራችን አጠገብ ባለው በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማር፣ እዚሁ ዳሌት ያደገች የወገናችን ልጅ መጥታ ደብተሩን ስታገላብጥ እንዶድ ከሚለው ገጽ ደረሰች። እኛ የጻፍነው «ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል» የሚል ብቻ ነበር። እርሷም ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ውሃው ሙቅ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?» አለችን። እኛም ፈገግ ብለን፣ «ልጄ፣ ይህ ምን ልዩነት ያመጣል? እንዶድ ያው እንዶድ ነው» አልናት። ልጅቱ ታላቅን መሟገት ነውር ሆኖባት ዝም አለች። ጥያቄዋ ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባገኘነው መጽሐፍና ባገኘነው ዐዋቂ ሁሉ ስንጠይቅ፣ የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ተረዳን። የእንዶድ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች ጥያቄ ላይ ኖሯል።

የእኛ ትምህርት በቄሶች እግር ሥር ኦሪትና ዳዊት ነው፤ ኬሚስትሪን ያገኘነው በእርጅና ዘመን፣ በትርፍ ጊዜ፣ ከመጻሕፍትና ከታጋሽ ወጣቶች ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ለእኛ በገባን መጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ማውጣት ሲባል

አንድ ቅጠል፣ አንድ ሥር ወይም አንድ ፍሬ በውስጡ የያዘው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ውህዶች ተሸሽገውበታል። ከነዚህም መካከል በሰው፣ በእንስሳ ወይም በተባይ ሰውነት ላይ ለውጥ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነዚህን ፍቱን ውህዶች እንበላቸው። ማውጣት ማለት የሚፈለገውን ውህድ ወደሚስበው ፈሳሽ አዛውሮ፣ ገለባውን መተው ነው። ፈሳሹ አሟሚ ይባላል። አሟሚ ሁሉ የየራሱ ወዳጅ አለው፤ በውሃ የሚሟማው ብዙውን ጊዜ ቅባት አይቀበለውም፣ በቅባት የሚሟማውም ከውሃ ጋር አይስማማም፤ አልኮል ደግሞ በመካከል ቆሞ ከሁለቱም ወገን ይወስዳል።

ይህንን የማያውቅ ወጥ ቤት የለንም፤ ስሙን አለማወቁ ነው እንጂ። ቡና ሲወቀጥ ለውሃው ብዙ በር ይከፈትለታል፤ ጀበናው ሲፈላም ሙቅ ውሃ ካፌይኑንና መዓዛውን ይዞ ይወጣል፤ አተላው ይቀራል። ጌሾ ግን በችኮላ አይሆንም። ጥንስሱ ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ ምሬቱን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ለዚህ ምሬት ምክንያት የሆነውን ውህድ ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ከቅጠሉ ለይተው አውጥተው፣ በ1995 ጌሾይዲን በሚል ስም ለዓለም አሳውቀዋል። ቅቤ ሲነጠርም እንዲሁ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ፣ እርዱ በቀለጠው ቅቤ ውስጥ የሚጨመሩት፣ በቅባት የሚሟማው ሽታቸውና ቀለማቸው ወደ ቅቤው እንዲዛወር ነው፤ ከዚያ ተጠልሎ ቅመሙ ይጣላል። ቅቤው ግን ቅመሙን አልጣለም። (እዚህ አገር ለሥጋ ወጥ በዘይት የሚያደርጉት እመቤቶችም ሥራው ያው መሆኑን ያውቃሉ።) በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይትም ከበርበሬው የወጣ ነው፤ ውሃው ሊወስደው ያልቻለውን ቀለም ዘይቱ ወስዶታል።

እንግዲህ ውሃ፣ አልኮል፣ ቅባት፤ ሙቀት፣ ጊዜ፣ መውቀጥ። የዛሬው ቤተ ሙከራ የሚሠራው በነዚሁ ነው። መሣሪያው ይለያል፤ ልኩ በሚሊ ግራም ይጻፋል፤ ጥያቄው ግን የእናቶቻችን ጥያቄ ነው።

ሚዛኑ ተጽፎ፣ አሠራሩ ሳይጻፍ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ሙሴ የተቀደሰውን የቅብዐት ዘይት እንዲሠራ ታዝዟል። ከርቤ 500 ሰቅል፣ ቀረፋ 250፣ የሽቱ ዘንግ 250፣ ብርጉድ 500፣ የወይራ ዘይትም አንድ ሂን። ይህን በልጅነታችን ስናነበው የሚገርመን የሚዛኑ ጥንቃቄ ነበር። እዚህ አገር ከገባን በኋላ ግን፣ በአባቶቻችን ዘንድ ያልነበረውን ታልሙድን ሰዎች ሲያስተምሩን፣ ሆራዮት በሚባለው ክፍል ሊቃውንቱ በዚሁ ዘይት ላይ ሲከራከሩ አገኘናቸው። ረቢ ይሁዳ ሥራሥሮቹ በዘይቱ ውስጥ ተቀቅለዋል ይላሉ። ረቢ ዮሴ ደግሞ ያን ያህል ዘይት ይህን ሁሉ ሥር ለመቀባት እንኳ አይበቃም ብለው ይመልሱና፣ ሥራሥሮቹን አስቀድመው በውሃ ነክረው፣ ዘይቱን በላዩ አፍስሰው፣ ዘይቱ ሽታውን ከጠጣ በኋላ ከላይ ገፈውታል ይላሉ።

እኛ በዚህ ክርክር ማን እንደ ረታ ለመናገር ዐቅሙ የለንም። ረቢ ዮሴ የተናገሩት ግን፣ ውሃው ሥሩን አርሶ ይከፍተዋል፣ ዘይቱ ሽታውን ይይዘዋል የሚል፣ ዛሬም አንድ ኬሚስት በሁለት አሟሚ እሠራለሁ ሲል የሚያደርገውን የሚመስል ነው። ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው ሌላ ነው። እነዚያ ታላላቅ ሊቃውንት የዕፁን ስምና ሚዛኑን በጽሑፍ ይዘው ሳለ፣ እንዴት እንደ ተሠራ ግን መከራከር ግድ ሆነባቸው። የእኛም ደብተር እንደዚያው ስምን ይዞ አሠራርን ያልያዘ ነው።

እንዶድ

ወደ እንዶድ እንመለስ። በአገራችን ለሰንበት የሚለበሰው ነጠላና ቀሚስ ነጭ ሆኖ እንዲነጋ፣ እናቶቻችን ከሰንበት በፊት ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦ ሲታሽ አረፋው ይነሣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል የውህድ ዘር ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ፣ በትግራይ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ያጠኑ ነበር። ይህ በሽታ በወንዝ ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ከላይ ካለው ውሃ በሕይወት ያሉትን አስለቅመው የአጣቢዎቹን አረፋ ቢያደርጉባቸው ሞቱ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስንሰማ የአክሊሉን ስም እናነሣለን፤ ይገባቸዋልም። አረፋውን የሰጡት ሴቶች ስም ግን በየትኛውም ባነበብነው መጽሐፍ ላይ አላገኘንም።

ቢልሃርዝያ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና በ1985፣ በኋላም በሰሎሞን ዘመቻ በ1991 ለገቡት ወገኖቻችን ምርመራ ሲደረግ ከተገኙት በሽታዎች አንዱ ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ክኒኑን ሰጥተውን ዳንን። በየወንዙ ዳር የቀሩት ግን ልጆቻቸው ከውሃ መውረድ አይቀርላቸውም፤ የታከመውም ተመልሶ ይያዛል። እንዶድ ተስፋ የተጣለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውን ሳይሆን ወንዙን ለማከም።

አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት (ዛሬ በስማቸው የተሰየመው) እና በአሜሪካ ካሉ ኬሚስቶች ጋር ሆነው ፍቱኑን ነገር ለይተው ለማውጣት ደከሙ። በ1972 ቡታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ሲወጣ የእንዶዱ ጉልበት እንደሚጨምር አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የተገኘው ዋናው ሳፖኒን በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። በዐድዋ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት በተደረገ ሙከራ፣ ውሃው በእንዶድ ሲታከም፣ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የዕፀዋት ሊቅ ደግሞ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታ ያለውን እንዶድ እየሰበሰቡ ሲያወዳድሩ፣ አገሩና ዘሩ በተለየ ቁጥር ጉልበቱም የተለያየ መሆኑን አገኙና «ዓይነት 44» የተባለውን መረጡ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ደረስን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በስዊዘርላንድና በሌላም አገር የእንዶድን ሳፖኒን የመረመሩ ኬሚስቶች የሚከተለውን አገኙ። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ታስሮ ይቀመጣል፤ እንዲህ እንደ ታሰረ በቀንድ አውጣ ላይ ኃይል የለውም። በዚያው ፍሬ ውስጥ፣ ለብቻው፣ ኤንዛይም የሚባል ቆራጭ አለ። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ኤንዛይሙ አንደኛውን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ሳፖኒኑም ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። ፍሬውን በሙቅ ውሃ ያፈሉት እንደ ሆነ ግን ኤንዛይሙ ይሞታል። ሜታኖል በሚባለው አልኮልም ወዲያው ቢነከር ሥራውን ያቆማል። የሚወጣው ሳፖኒን በብዛት ይወጣል፤ ነገር ግን እንደ ታሰረ ነው።

እንግዲህ አንድ ዐዋቂ ዘመናዊ መሣሪያውን ይዞ፣ ጠንካራ አሟሚውን መርጦ፣ ከአንድ የዐድዋ አጣቢ ያነሰ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ይህን ስንጽፍ እናቶቻችን ስለ ኤንዛይም ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ከንቱ ውዳሴ አንወድም። ጉዳዩን እዚሁ ሰፈር ያሉ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በወንዝ ዳር ሙቅ ውሃ ከየት ይመጣል?» ብለው ሳቁብን። ቀዝቃዛው ውሃ የሆነው ወንዙ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ነው። አሠራሩ ግን ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑም የታወቀው አሠራሩን ጠይቆ የመዘገበ ሰው ስለ ተገኘ ነው።

ስለ እንዶድ ሌላም የሚነገር አለ። በ1990 አክሊሉ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በዚያ አገር ታላላቅ ሐይቆች ላይ የፋብሪካና የከተማ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድለው ታየ። ከዚያም የእንዶድ ምጥን ለዚህ የሚውልበት መንገድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው ስም ፓተንት ወጣለት፤ የአክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ነበር። ሆኖም ለዘመናት ዕፁን ጠብቆ ላቆየው ሕዝብ ምን ይድረሰው የሚለው ጥያቄ ብዙ አነጋገረ። ፓተንት የሚሰጠው በጫካ ላለው ቁጥቋጦ ሳይሆን ለአወጣጡና ለአጠቃቀሙ ነውና፣ «እንዴት» የሚለው ቃል ገንዘብም መሆኑን ከዚህ ተማርን።

የዛሬው መሣሪያ

ስለ መሣሪያዎቹ ባጭሩ እንናገር። በ1879 ሶክስሌት የተባለ ጀርመናዊ ያወጣው የመስታወት ዕቃ እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይገኛል፤ የአረቄ ማውጫን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አሟሚው ከታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከላይ ቀዝቅዞ በዱቄቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ የወሰደውን ይዞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይፈላል። ያንኑ ጥቂት አሟሚ መላልሶ ስለሚጠቀም ቆጣቢ ነው፤ ለሰዓታት ስለሚያፈላ ግን ሙቀት የማይችለውን ያበላሻል።

የድምፅ ሞገድ የሚጠቀም መሣሪያም አለ፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ እየፈጠረና እያፈነዳ የቅጠሉን ሕዋስ ይሰብራል፤ እንደ ሙቀጫ ነው፣ ዘነዘናው አይታይም እንጂ። በማይክሮዌቭ የሚሠራው ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ከውስጥ አሙቆ ሕዋሱን ይከፍተዋል።

ከሁሉ ያስደነቀን የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ይህ ከአፋችን የምናወጣው አየር ከ31 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ ከተለመደው የአየር ግፊት ከ70 ጊዜ በላይ ሲጨመቅ፣ አየርም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆናል። እንደ አየር በቀላሉ ይገባል፤ እንደ ፈሳሽ ያሟማል። ግፊቱ ሲለቀቅ በኖ ይሄዳል፤ በምጥኑ ውስጥ የሚቀር የአሟሚ ቅሪት የለም። በ1960ዎቹ ኩርት ዞሰል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በዚህ መንገድ ከቡና ካፌይንን ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። በሱፐር የሚሸጠው ካፌይን የሌለው ቡና አንዳንዱ የሚሠራው እንዲህ ነው። የእኛ እናቶች ካፌይን የሌለውን ቡና ቢያዩ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ባለው በቂቡጽ ሐጼሪም የጆጆባ ፍሬ ተጨምቆ ዘይቱ ለቅባት ይውላል፤ ኑግና ተልባ ሲጨመቅ ያየ ሰው አሟሚ የማያሻው አወጣጥ ይህ መሆኑን ያውቃል። እዚሁ ቤር ሼቫ ደግሞ በ1995 ላይኮሬድ የተባለ ኩባንያ ተመሥርቶ ከቲማቲም ላይኮፒን የተባለውን ቀይ ውህድ ማውጣት ጀመረ። ለዚህ የሚሆነው ቲማቲም ለብቻው የተዳቀለ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ግራም ላይኮፒን ይይዛል፤ የገበያው ቲማቲም ከዚህ እጅግ ያንሳል። ቲማቲሙ ይፈጫል፣ ውሃው ከሥጋው ይለያል፣ ሥጋው ኤቲል አሲቴት በሚባል አሟሚ ይታጠባል፣ አሟሚው ተንኖ ይወጣል፤ የሚቀረው ከ5 እስከ 15 በመቶ ላይኮፒን ያለበት ጥቁር ቀይ፣ ወፍራም ቅባት ነው። ቁጥሩን ብናሰላው ከአንድ ቶን ቲማቲም ውስጥ ያለው ላይኮፒን ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። በቲማቲም ቁሌት ላይ ዘይቱ ሲቀላ ያየች ሴት የሥራውን መጀመሪያ አይታዋለች።

ሲመጠን የሚመጣ አደጋ

አንድ ቶን ወደ ጥቂት ኪሎ ሲወርድ ጉልበቱም ይሰበሰባል። በዚህ ጉዳይ ከወገኖቻችን ጋር መነጋገር አስፈላጊ ሆኖ ያገኘነው፣ «ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» የሚል ቃል በየቤቱ ስለምንሰማ ነው።

በዚህ አገር በ2003 እና በ2004 በየኪዮስኩ «ሐጊጋት» የተባለ ክኒን እንደ ተፈጥሮ ማነቃቂያ ይሸጥ ነበር። ስሙ ሐጊጋ ከሚለው የበዓል ቃልና የየመን አይሁድ ጫትን ከሚጠሩበት ጋት ከሚለው ቃል የተገጠመ ነው። በውስጡ የነበረው ካቲኖን የተባለው የጫት ፍቱን ውህድ ነበር፤ በአንዱ ክኒን 200 ሚሊ ግራም። ቅጠሉን ለሰዓታት የሚያኝክ ሰው ቀስ በቀስ የሚያገኘውን ይህ በአንድ ጉርሻ ሰጠ። የደም ግፊታቸው እጅግ የናረ፣ ልባቸው የታመመ፣ በአንጎላቸው ደም የፈሰሰ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ገቡ፤ በ2004 ታገደ። በእስራኤል ሕግ ቅጠሉን ማኘክ አልተከለከለም፣ ከቅጠሉ የወጣው ካቲኖን ግን የተከለከለ አደገኛ ዕፅ ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ በቅጠሉና ከቅጠሉ በወጣው መካከል መስመር አስምሯል።

ኮሶም እንዲሁ ትምህርት አለው። የኮሶ አበባ ፍቱን ውህዶች በውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ በአልኮል ግን ይሟማሉ። ስለዚህ በአገራችን ዱቄቱ ተበጥብጦ ሳይጠለል ከነአንቡላው ይጠጣ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶን ወደ መድኃኒት መጽሐፋቸው ያስገቡት አውሮፓውያንም ሳይጠለል እንዲጠጣ አዝዘዋል። አፍልቶ የሚያጠልለው ሰው ፍቱኑን ከአንቡላው ጋር ይደፋዋል፤ በአልኮል የሚያወጣው ደግሞ ልኩን የማያውቀውን ብርቱ ነገር ይይዛል። ከልክ ያለፈ ኮሶ የዓይን ብርሃንን እንደሚጎዳ በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ለኮሶ ትል ዛሬ ኩፓት ሖሊም ክኒን አለ፤ ማንም ኮሶን በቤቱ እንዲሞክር አንመክርም።

በየበረንዳችን ጣሳ ላይ የምንተክለው ጤና አዳምም አለ። ይህ ዕፅ በሚሽና ሽቪዒት ምዕራፍ 9 ፒጋም ተብሎ ተጠቅሷል፤ ጎረቤቶቻችን ሩዳ ይሉታል። አንዲት ቅንጣት በቡና ላይ ማድረግ አንድ ነገር ነው። ቅጠሉን ቆዳ ላይ አሽቶ በቤር ሼቫ ፀሐይ መውጣት ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ውህድ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ይጎዳልና። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አፍልታ ልትጠጣው አይገባም፤ ፅንስን ሊያስወርድ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ በስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትን እናስብ፤ ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ናቸው። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል። በወጥ ውስጥ ያለው አብሽና በክኒን የተመጠነው አብሽ አንድ አይደሉም፤ ክኒኑን ከስኳር መድኃኒት ጋር ሳያማክሩ የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ያለ ልክ ሊወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥን ኩማዲን የሚወስድ ሰውም የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሲጨምር ለመድማት ይጋለጣል። ሐኪም ሲጠይቅ «መድኃኒት አልወስድም» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ቅጠሉ መድኃኒት አይመስለንምና። ክኒኑንም፣ ቅጠሉንም፣ ጠርሙሱንም በከረጢት ይዞ ገብቶ ማሳየት ነው።

ደብተሩ

አሁን በደብተራችን ላይ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓምድ ጨምረናል። የትኛው ክፍል ነው፣ ቅጠሉ፣ ሥሩ ወይስ ፍሬው? መቼ ይለቀማል? ይደርቃል ወይስ በእርጥቡ? ይወቀጣል? በምን ይነከራል፣ በውሃ፣ በጠላ፣ በአረቄ፣ በቅቤ ወይስ በማር? ይፈላል ወይስ አይፈላም? ስንት ሌሊት ያድራል? ይጠለላል? የተረፈውስ ይጣላል ወይስ ይበላል? ልጅቱና ሁለት ጓደኞቿ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ እኛ እንተረጉማለን፣ እነርሱ በዕብራይስጥም ይጽፋሉ። የእንዶድ ገጽ ሞልቷል። የጌሾም ሞልቷል፤ በእርሱ ላይ ሁለት እናቶች በቅጠሉና በእንጨቱ ነገር ስላልተስማሙ የሁለቱንም ቃል ጽፈናል።

ከጌሾ ቀጥሎ ያለው ገጽ የእንቆቆ ነው። ስሙንና ለምን እንደሚጠቅም ያስመዘገቡን የወገራ አዛውንት ባለፈው ክረምት በሞት ተለይተውናል፤ ያን ጊዜ እኛ የጠየቅናቸው ስሙን ብቻ ነበር። አዲሱ ዓምድ በዚያ ገጽ ላይ ባዶ ነው። የእንቆቆን አሠራር ያየ፣ ወይም እናቱ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ የነበረ ሰው ካለ፣ ዘወትር ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት እንገኛለን፤ መምጣት የማይችሉትን እኛው ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን።